በዓመት ሦስት ሌሊት የምንኖርበት ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ በኪራይ ቤት ያደገ ሰው «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሳያውቃት አይቀርም። አከራይ ቤቱን ሲፈልገው፣ ወይም ደላላ ጨምሮ የሚከፍል ሌላ ሰው ሲያመጣለት የሚናገራት እሷን ነው። ልጁ አንዴ ከአሜሪካ ይመጣል፣ አንዴ ከጀርመን፣ አንዳንዴም ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ይመጣል። እኛ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ሰባት ቤት ኖረናል። ከለቀቅናቸው ስድስቱ መካከል አራቱን ያስለቀቀን ከውጭ የሚመጣ ልጅ ነው። መጣ ሲባል ግን አንዱንም አልሰማንም።

ስለዚህ ሰው «ያደግሽበት ቤት የት ነው?» ሲለኝ ግራ ይገባኛል። ገርጂ፣ ሳሪስ፣ ጀሞ፣ ላፍቶ፣ ሰሚት፣ አያት፣ አሁን ደግሞ ቱሉ ዲምቱ። አንዱ ቤት ፈርሶ መንገድ ሆኗል፤ አንዱ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል። የቀሩትም ዛሬ ብሄድባቸው ዘበኛው «ማንን ፈልገሽ ነው?» ይለኛል። ዓይኔን ጨፍኜ ከአልጋዬ እስከ መታጠቢያ ቤቱ መሄድ የምችልበት ቤት አንድ ብቻ ነው። እሱም የላንጋኖ ሐይቅ ዳር ካሉት የኪራይ ባንጋሎዎች አንዱ ነው። ቁጥር 6።

ከ2002 ጀምሮ ለገና የምንሄደው ወደዚያው ነው። 2009ን፣ 2013ን እና 2014ን ዘለናል። በቀሩት ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 28 እንገባለን፣ ጥር 1 እንወጣለን። ሦስት ሌሊት። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ደምሬዋለሁ፦ 14 ጊዜ፣ 42 ሌሊት። አንድ ወር ተኩል እንኳ አይሞላም። ግን ከማውቃቸው ቤቶች ሁሉ ረጅም ዕድሜ አብሮኝ የቆየው እሱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሽንት ቤት ምክንያት ነው ብላችሁ ታምናላችሁ?

የበዓል ዋዜማ ለተከራይ ቀላል አይደለም። በጉ የት ይታሰራል? የት ይታረዳል? ሽንኩርቱ ሲቁላላ ሽታው በማን መስኮት ይገባል? ዘመድ ሲመጣ ስንት ሰው ነው፣ ስንት ባልዲ ውሃ ይጨርሳል? ያኔ ገርጂ ነበርን፤ እኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ወንድሜ 14፣ ታናሽ እህታችን 6። አከራያችን ለገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው አባዬን አስጠርተው «ዘንድሮ እንግዳ እንዳታበዙ፣ ሽንት ቤቱ ሞልቷል» አሉት። አባዬ ምንም አልመለሰላቸውም። ቤት ገብቶ ግን ትንሽ ሳቀና «ገናን ሌላ ቦታ እናከብራለን» አለን። የመሥሪያ ቤቱ የሠራተኞች ማኅበር ላንጋኖ ላይ በቅናሽ የሚያገኘው ማረፊያ ነበር፤ ወረፋ ይዞ ተመዘገበ።

እማዬ በጣም ነው የተቃወመችው። «ለገና ቤቱን ዘግቶ የሚሄድ ማን አለ? ሰው ምን ይለናል?»

«ቤቱ መቼ የእኛ ሆነና?» አላት። «ባለቤቷ ትዘጋዋለች።»

በመጨረሻ እማዬ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ተስማማች፦ በዓሉ ሙሉ ሆኖ አብሮን መሄድ አለበት። የዶሮ ወጡን ቁሌት አዲስ አበባ ላይ ሠርታ፣ ድስቱን በጨርቅ ጠፍራ አስራ ኋላ ኪስ ውስጥ አስቀመጠችው። ድፎ ዳቦው በኮባ ተጠቅልሎ እኔና እህቴ ጭን ላይ ተጫነ። ረከቦት፣ ጀበና፣ ከሰል ማንደጃ፣ ቄጤማ ሳይቀር። የአጎታችንን ኮሮላ ተውሰን ስንወጣ መኪናው ውስጥ ከሰው ይልቅ ዕቃ ይበዛ ነበር። አከራያችን በር ላይ ቆመው «ልትለቁ ነው እንዴ?» አሉ። ያስታውቅ ነበር፤ ደስ ያላቸው መሰለኝ።

ከአዲስ አበባ ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ያኔ የፍጥነት መንገዱ አልነበረም። ከከባድ መኪና ኋላ እየተንፏቀቅን በዱከም፣ በቢሾፍቱ አድርገን ሞጆ እንደርሳለን፤ እዚያ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ከዚያ ቆቃ፣ ዓለም ጤና፣ መቂ፣ ዝዋይ፤ ዛሬ ባቱ የሚባለው ማለቴ ነው። መቂ ላይ እማዬ የግድ ትወርዳለች። ቲማቲምና ሽንኩርት በሳጥን፣ ፓፓያ በጆንያ መንገድ ዳር ተደርድሮ እያየች ማለፍ አትችልም። ባቱን አልፎ አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ፣ ግራና ቀኝ ግራር፣ የከሰል ጆንያ፣ አህያ ጋሪ። ከዚያ በግራ በኩል ወደ ሐይቁ የሚያስገባው የአቧራ መንገድ ይመጣል። ዛሬ ከቱሉ ዲምቱ የፍጥነት መንገዱ ላይ ወጥተን፣ ከሞጆም እስከ ባቱ በአዲሱ ፈጣን መንገድ ስንሄድ ጉዞው በጣም አጥሯል። ቱሉ ዲምቱ መኖር ያለው ጥቅም አንድ እሱ ነው እንላለን፦ ለላንጋኖ በር ላይ ነን።

ሐይቁን መጀመሪያ ሳየው አዘንኩ። ሰማያዊ ነበር የጠበቅኩት። ላንጋኖ ግን ቡናማ ነው። እማዬ «ሻይ በወተት» አለችው፣ ስሙም ቤተሰባችን ውስጥ በዚያው ጸና። አባዬ ቆሻሻ አለመሆኑን ሊያሳየን በብርጭቆ ቀዳና በረንዳው ላይ አስቀመጠው። በማግስቱ ያው ቡናማ ነው። ጥር 1 ስንወጣም ያው ነው። ውሃው ውስጥ ያለው አፈር በጣም ደቃቅ ስለሆነ ወደ ታች አይዘቅጥም፣ ተንሳፎ ነው የሚኖረው። ሰዎች ላንጋኖን የሚመርጡት ደግሞ ቢልሃርዚያ የለበትም፣ ይዋኝበታል ብለው ነው። ወንድሜ በዚያ ዓመት መዋኘት ለመደ፤ እኔ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

የሐይቁን ጠባይ ለማወቅም ጊዜ ይፈልጋል። ጠዋት ውሃው ጸጥ ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣና ማዕበል ይሆናል። ስለዚህ ዋና በጠዋት፣ ካርታ ጨዋታ ከሰዓት፣ ቡና አመሻሽ ላይ። ይሄን ፕሮግራም ማንም አላወጣውም፤ ነፋሱ ነው ያወጣው። እስከ ዛሬ አልተቀየረም።

ቁጥር 6 የሚያምር ቤት አይደለም። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ሁለት ክፍል፣ አራት አልጋ፣ አራት አጎበር፤ አምስተኛ ፍራሽ በልመና ይመጣል። በሩ የሚዘጋው በጉልበቱ ሳይሆን ትንሽ ወደ ላይ ብድግ ሲያደርጉት ነው። ከመስኮቱ መስታወቶች አንዱ በ2004 ተሰብሮ በካርቶን ተደፍኖ ነበር፤ ካርቶኑ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ መስታወት ግን ገብቶለት አያውቅም። ጄኔሬተሩ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይጠፋል። በረንዳው ፊት ለፊት ያለው ግራር ላይ ወፎቹ ጎጆ ሠርተው እንደ ጌጥ አንጠልጥለውበታል። በ2005 ጦጣ ግማሽ ድፎ ዳቦ ይዛ ሄዳለች። እህቴ እስከ ዛሬ ድረስ ዳቦውን የምትጠብቅ እሷ ናት፤ የ22 ዓመት ሴት ሆናም ዱላ ይዛ በረንዳው ላይ ትቀመጣለች።

ባንጋሎዎቹን የሚጠብቁት ሰውዬ የዚያው አካባቢ የአርሲ ሰው ናቸው። ስማቸውን ብጽፈው ደስ አይላቸውም፤ ስለዚህ እኛ በምንጠራቸው ስም ልጥራቸው፦ አባ ቁልፍ። የሁሉም ቤት ቁልፍ በሽቦ ታስሮ ከወገባቸው አይወርድም። ሙስሊም ስለሆኑ ከዶሮ ወጣችን አይቀምሱም። ዳቦውንና ቡናውን ግን በየዓመቱ አብረውን ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። እማዬ ከአዲስ አበባ ቡናና ስኳር ለብቻው ቋጥራ ነው የምትሄደው፤ እሳቸው ደግሞ በየዓመቱ ጠዋት ላይ ትኩስ ወተት በጆግ ይልካሉ። ማን ማንን እንግዳ እንደተቀበለ አይታወቅም።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ደስ አይለኝም። እኛ «የእኛ ሐይቅ» እንላለን እንጂ ሐይቁ የእኛ አይደለም። በአጥሩ ማዶ ሰው ይኖራል። ከብቶቻቸውን ውሃ የሚያጠጡ እረኞች ሎጅ በተሠራ ቁጥር አንድ መግቢያ ያጣሉ፣ ዙሪያውን ይሄዳሉ። አንዴ ወንድሜ አባ ቁልፍን «እዚህ መኖር እንዴት ደስ ይላል!» ብሏቸው፣ «እናንተ ለበዓል ትመጣላችሁ፣ እኛ ለበጋው እንቀራለን» ብለውታል። በእኛ በ42 ሌሊት ያ ቦታ ቋሚ ይመስላል። ለእነሱ ግን ዝናብ የሚዘገይበት፣ በቆሎ የሚደርቅበት፣ ወባ የሚነሣበት አገር ነው። በ2009 መጀመሪያ ረብሻ ሲነሣ ሐይቁ ዳር የተቃጠለ ሎጅ ነበር፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታወጀ። ያን ዓመት ገናን ቤታችን በር ዘግተን አከበርን። የእኛ ባንጋሎ ተርፎ ነበር። አባ ቁልፍ በስልክ «ቤታችሁ ደህና ነው» አሉን። ቤታችሁ ነው ያሉት።

አባዬ በግንቦት 2011 ሞተ።

በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም በተመዘገበው ሰልፍ ውስጥ አንዱ እሱ ነበር። በየወሩ ይቆጥባል። ደረሰኞቹን በቀን በቀን ለይቶ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣል። ዕጣ በወጣ ቁጥር ጋዜጣውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በማስመሪያ እየተከተለ ስም ይፈልግ ነበር። ሲያጣ ጋዜጣውን በጥንቃቄ አጥፎ «እስቲ የሚቀጥለው» ይላል። ሌላ ቃል አይጨምርም። ቆርቆሮው ዛሬም እማዬ ጋ አለ። ከስድስት ቤት ወደ ሰባት ቤት ስንገባ ብዙ ነገር ጥለናል፤ እሱን አልጣልነውም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ እኔና ወንድሜ «ዘንድሮ ላንጋኖ ይቅርብን» ስንባባል እማዬ ሰማችን። «ይቅር ያለው ማን ነው?» አለች። 2012 ገና አራት ሆነን ሄድን። መኪናውን ወንድሜ ነዳው።

አባ ቁልፍ በር ከፍተው እንደ ሁልጊዜው እየሳቁ ወደ መኪናው መጡ። ከመኪናው የሚወርደውን ሰው ሲቆጥሩ አየኋቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ወደ ውስጥ ጎንበስ ብለው አዩ። «አባታቸውስ?» አሉ። እማዬ መልስ አልሰጠችም፤ ነጠላዋን ብቻ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ሰውዬው ምንም ሳይሉ ዕቃውን ተሸክመው አስገቡልንና ሄዱ።

አመሻሽ ላይ ነፋሱ ሲበርድ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ተመለሱ። ከየቤቱ የፕላስቲክ ወንበር ሰብስበው በረንዳው ላይ ደረደሩ። ተቀመጡ። አንደኛው ሽማግሌ በኦሮምኛ ዱዓ አደረጉ፣ ሁላችንም አሜን አልን። ከዚያ ዝም ብለው ተቀመጡ። አዲስ አበባ ላይ ለቅሶ ደራሹ ብዙ ነበር። ድንኳኑ በኪራይ፣ ወንበሩ በኪራይ፣ ግቢው የሰው፤ በሦስተኛው ቀን አከራይየው «ድንኳኑ መቼ ነው የሚነሣው?» ብለው ጠይቀዋል። ላንጋኖ ላይ ግን ማንም አልቸኮለም። እማዬ አባዬ ከሞተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታለቅስ የሰማኋት በዚያ በረንዳ ላይ ነው። ስምንት ወር አልፎት ነበር።

ከዚያ በኋላ ኮሮና መጣ፣ ጦርነት መጣ፤ ሁለት ገና ዘለልን። በነሐሴ 2013 ወንድሜ ለትምህርት ወደ ካናዳ ሄደ። በ2015 ሦስት ሆነን ሄድን። በ2016 እህቴ የዩኒቨርሲቲ ፈተና ስለነበረባት እኔና እማዬ ብቻ፤ ሁለት ሰው፣ አራት አልጋ። እማዬ ያን ዓመትም ሙሉ ዶሮ ነው የሠራችው፣ 12ቱ ብልት ሳይጎድል። ስድስት ስድስት ደረሰን ብለን ሳቅን፤ ግማሹን ለሌሎቹ ባንጋሎዎች እንግዶች አዳረስን።

ወንድሜ የመጣው ዘንድሮ ነው፣ በታኅሣሥ 2018። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ።

እንግዲህ እኛም ከውጭ የሚመጣ ልጅ ኖረን ማለት ነው። እማዬ ነገሩ እያሳቃት ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው» ስትል ሰነበተች። የምታስለቅቀው ተከራይ ግን የላትም። ወንድሜ የወጣው ከሰሚቱ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ አያት ገብተን ወጥተናል፤ ወደ ቱሉ ዲምቱ የመጣነው በ2017 ነው። ከኤርፖርት ስንወስደው መንገዱ አዲስ ሆኖበት በመስኮት ያያል። ቤት ገብቶ እማዬን አቅፎ፣ አልቅሶ፣ ተቀመጠ። ትንሽ ቆየና ቀስ ብሎ «ሽንት ቤቱ በየት ነው?» አለኝ።

እማዬ ሰምታለች። ፊቷን አየሁት። የገዛ ልጅ በእናቱ ቤት ሽንት ቤቱን ይጠይቃል። ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ዘርግተንለት አራት ሌሊት ሲያድር፣ መብራት ለማጥፋት በየግድግዳው ሲዳስስ፣ የውሃ ፈረቃውን ረስቶ ቧንቧ ሲከፍት፣ በየቀኑ «ይቅርታ» ይል ነበር። እማዬ ደግሞ «ተጫወት፣ ብላ» ትለዋለች፣ ለእንግዳ እንደሚባለው።

እሱ ለገና ሌላ ሐሳብ ነበረው። ስልኩ ላይ አንድ አዲስ ሪዞርት አሳየን። ሰማያዊ መዋኛ ገንዳ፣ ነጭ አንሶላ፣ ቁርስ በትሪ። «እኔ ነኝ የምከፍለው» አለ። «በዶላር ስታስቡት ምንም አይደለም። እማዬ አንዴ እንኳ ሳታበስል ብታሳልፈው ምን አለበት?»

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ይሄን ለማድረግ ስንት ሌሊት እንደሠራ እናውቃለን። እህቴ ወዲያው ተስማማች፤ እኔም እውነቱን ለመናገር መስኮቱ በካርቶን ያልተደፈነ ክፍል አይቼ ጓጉቻለሁ። እማዬ ስልኩን ተቀብላ በጣቷ እየገፋች ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። መልሳ ሰጠችው።

«ያምራል» አለች። «ግን እኔ አዲስ ቤት ታክቶኛል ልጄ። ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ አዲስ ቤት ነው የማየው። መብራቱ በየት ነው፣ ቧንቧው በየት ነው እያልኩ። ለበዓል እንኳ የማውቀው ቤት ልግባ።»

ወንድሜ ሌላ ነገር አልተናገረም። ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ታኅሣሥ 28 ነዳጅ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ቆመን፣ ቁሌቱን ኋላ ኪስ ጭነን፣ ለአባ ቁልፍ «መንገዱ እንዴት ነው?» ብለን ደውለን፣ «ሰላም ነው፣ ኑ» ሲሉን ወጣን።

በሩ ላይ የእንግዳ መመዝገቢያ ደብተር አለ። ቀን፣ ስም፣ አድራሻ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የሰው ብዛት፣ የመኪና ሰሌዳ፣ ፊርማ። ሁልጊዜ አባዬ ነበር የሚሞላው፤ ከእሱ በኋላ እማዬ። ዘንድሮ ወንድሜ «እኔ ልፈርም» አለ። አባ ቁልፍ ደብተሩን እያቀበሉት «የድሮዎቹም አሉ» አሉና ከብረት ሳጥን ውስጥ ሁለት አሮጌ መዝገቦች አወጡ፤ አንዱ ጠርዙን ምስጥ በልቶታል።

ወንድሜና እኔ ገጽ በገጽ ፈለግን። ታኅሣሥ 28 ቀን 2002፣ የአባዬ ጽሑፍ። ቀጥ ያለ፣ በማስመሪያ የተጻፈ የሚመስል የሂሳብ ሠራተኛ ጽሑፍ። አድራሻ፦ ገርጂ። ብዛት፦ 5። 2003፣ ገርጂ፣ 5። ቀጥሎ ሳሪስ ይመጣል፣ ያው 5። ጀሞ፣ 5። ላፍቶ። ሰሚት። ከዚያ ጽሑፉ ይቀየራል፤ የእማዬ ክብ ክብ ፊደል፣ ብዛት፦ 4። ከዚያ አያት፣ 3። አያት፣ 2። ቱሉ ዲምቱ፣ 3።

የኖርንባቸው ቤቶች ሁሉ በቅደም ተከተል የተጻፉበት ሌላ ወረቀት በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ቀበሌ ጋ የለም፤ የኪራይ ውሎቻችን በየቤቱ ስንወጣ ተቀድደዋል። ያደግንባቸው ሰፈሮች በሙሉ፣ ከእያንዳንዱ ቤት ስንት ሆነን እንደወጣን ጭምር፣ ላንጋኖ ላይ በአንድ ዘበኛ ቤት ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል።

ወንድሜ አዲሱን ደብተር ከፍቶ ቀኑን ጻፈ፣ ስሙን ጻፈ። አድራሻ የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

«ምን ልበል?» አለ። «ቶሮንቶ ልበል?»

እማዬ ከኋላው ቆማ ነበር። «የቤታችሁን ጻፍ» አለችው።

«ቱሉ ዲምቱ ወረዳ ስንት ነው? የቤት ቁጥሩንም አላውቀው።»

«ጻፍ፣ እነግርሃለሁ» አለችና እንደ ሕፃን ልጅ ፊደል ፊደሉን አስጻፈችው። ብዛት የሚለው ላይ ግን ማንንም አልጠየቀም። 4 ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ።

የዚያን ዕለት ሌሊት ጄኔሬተሩ ከጠፋ በኋላ ወንድሜ ሲነሣ ሰማሁት። ስልኩን አላበራም። ከአልጋው ተነሥቶ፣ በአጎበሩ ሥር ወጥቶ፣ ጠረጴዛውን ዞሮ ሄደ። የመታጠቢያ ቤቱም በር እንደ ዋናው በር ነው፤ ብድግ ካላደረጉት አይዘጋም። ብድግ አድርጎ ዘጋው። ድምፁ ይታወቃል። ከጎኔ የተኛችው እማዬ አልተኛችም ኖሯል፤ በጨለማው ውስጥ «እሰይ» ስትል ሰማኋት፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

በማግስቱ፣ ገናን ፈስከን፣ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሣ ከአስፋልቱ ማዶ ወዳለው አብያታ ሄድን። በየዓመቱ የምንሄድበት ነው። ልጆች ሳለን መኪናው ከቆመበት ትንሽ ከተራመድን ውሃው ጋ እንደርስ ነበር፤ ፍላሚንጎዎቹ ዳር ዳሩን ሮዝ አድርገውት። አሁን የሚራመዱት በደረቀ ነጭ አፈር ላይ ነው፣ ብዙ ደቂቃ። አብያታ ውሃ የሚያገኘው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖም በሆራ ቀሎ በኩል ነው። ላይኛው ውሃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከራሱ ከሐይቁም ሶዳ አሽ ሊመረት ውሃ ሲሳብ፣ መውጫ የሌለው ሐይቅ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፤ አየሩ ሲደርቅ ውሃው ወርዶ ተለያዩ። ላንጋኖ ከአብያታ ጋር ሲወዳደር ዳርቻው ብዙም አልተነቃነቀም። ወንድሜ የደረቀውን ሜዳ እያየ «እዚህ ጋ አልነበር ፎቶ የተነሣነው? ውሃ ውስጥ ቆመን?» አለ። ነበር። እህቴ ቦታውን በእግሯ ክብ ሠርታ አሳየችው።

ያን ሳይ ነው ያሰብኩት። እኛ ለባንጋሎው ታማኝ ሆነን የቆየን ይመስለኝ ነበር፤ ግን ቤቱ የቆየልን ስለተንከባከብነው አይደለም። አንድ ሚስማር መትተንለት አናውቅም። ሌላ ሰው በሩን ጠብቋል፣ ሌላ ሰው ካርቶኑን ቀይሯል፣ ሌላ ሰው ደብተሩን ከምስጥ አድኗል። አባዬ ቤት ሊያወርሰን ዕድሜውን ሙሉ ቆጥቦ አልሆነለትም። ያወረሰን በዓመት ሦስት ሌሊት የሚከፈልበትን ቤትና በሩን እንዴት ብድግ እንደሚያደርጉ ነው። እሱም ቢሆን አባ ቁልፍ ባይኖሩ አይቆይልንም ነበር። ትንሽ ነገር ነው ብዬ ላሳንሰው አልፈልግም፤ ቤት ነው ብዬም ራሴን ላታልል አልፈልግም። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። የቱሉ ዲምቱውን ውል እማዬ በፕላስቲክ ጠቅልላ ይዛዋለች፤ በ2019 ያልቃል። ከዚያ በኋላ የት እንደምንሆን አናውቅም። ደብተሩ ላይ ስምንተኛ ሰፈር ይጻፍ ይሆናል።

ጥር 1 ጠዋት ዕቃ ስንጭን አባ ቁልፍ መጥተው እማዬን ለብቻዋ ወሰድ አደረጓት። «አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር» አሉ። «ጉልበቴ ደከመ። ልጄ ከሻሸመኔ ሊመጣ ነው።»

እማዬ ክው ስትል አየኋት። ሁላችንም ቆምን። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከዚህች በር ላይ እንሰማታለን ብለን አልጠበቅንም።

«እና... ቤቱን ልትለቁ ነው?» አለቻቸው።

«ኧረ ወዲያ! ቁልፉን ልሰጠው ነው እንጂ። እኔማ እዚሁ ነኝ፣ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። እናንተን እንዲያውቃችሁ ብዬ ነው። ለገና የሚመጡት ቁጥር 6 ናቸው ብዬዋለሁ።»

ይሄኛው ልጅ ደግሞ እውነትም መጣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሞተር ብስክሌት፣ አቧራ ለብሶ። እማዬን ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት። እሷም የተረፈውን ድፎ ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችውና ቦርሳዋን ከፈተች። ለ2019 ገና ቀብድ ልትከፍል። ወንድሜ ኪሱ ሲገባ እጁን ያዘችው፤ ቀብዱ የእሷ ነው።

አዲሱ ቁልፍ ያዥ ገንዘቡን ቆጥሮ ደረሰኝ ሲጽፍ ቀና አለና «ስንት ሰው ብዬ ልያዝ?» አለ።

እማዬ ወደ ወንድሜ አየች። እሱ ወደ ሐይቁ እያየ ነበር፤ ውሃው ገና ነፋስ አልነካውም። መልስ እስኪሰጣት አልጠበቀችም።

«አራቱንም አልጋ አንጥፍ» አለችው።